ከአይሻ የመጣው ድንጋይ

አቶ ዕዝራን ሞተው ያገኘቻቸው የገዛ ልጃቸው ራኬብ ናት። ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ እንደ ወትሮዋ ወደ ሥራ ስታልፍ የደም ግፊት ኪኒናቸውን መዋጣቸውን ልታይ የእንጨቱን ደረጃ ወጣች፤ በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቃት። ኢንስፔክተር ብሩክታይት ስትደርስ ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ኪኒኑን በመዳፏ እንደጨበጠች ዝናቡን ታያለች።

ቤቱ ከፒያሳ ፈረሳ የተረፈ አሮጌ ፎቅ ነው። ተረፈ ማለትም ይከብዳል፤ ግድግዳው ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቶበት ተራውን እየጠበቀ ነው። ታች የወርቅ ሠሪው የተስፋሁን ሱቅ፣ ላይ የአቶ ዕዝራ ክፍል ብቻ ቀርተዋል። ሌላው ተከራይ ጓዙን ጠቅልሎ ከሄደ ሰንብቷል።

"ይሄ ደረጃ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል" አለ ሳጅን ኃይለማርያም አፍንጫውን ይዞ። የአራዳ ልጅ ነው፤ አስከሬን ፊትም ቢሆን አፉ አያርፍለትም።

"ቀስ በል። ልጃቸው ትሰማሃለች" አለችው ብሩክታይት።

ከታች፣ ከሱቁ ደጃፍ፣ ጋቢ የደረቡ ሽበታም ሰው ቀና አሉ። "ቱቦው ነው ልጄ" አሉ። "ቁፋሮው ሰብሮት ነው መሰለኝ። ይኸው ጠዋት በሬን በርግጄ ነው የምሠራው።" ወርቅ ሠሪው ተስፋሁን ነበሩ። ዓይናቸው ቀልቷል። ከሟቹ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤት ኖረዋልና ማንንም አልገረመም።

አቶ ዕዝራ ከሥራ ጠረጴዛቸው ሥር በጎናቸው ወድቀዋል። ጠረጴዛው ላይ የታሰረው፣ ድንጋይ ጨብጦ የሚይዘው የሞርሳ ብረት ጫፍ ደም ነክቶታል። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ፣ ትናንት ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሞቱት አለ። ተገፍተው ወድቀዋል፤ ከኋላ ጭንቅላታቸው ሞርሳው ላይ አርፏል።

ብሩክታይት ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው። ግድግዳው በሙሉ መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው በሙሉ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ሁሉ ቁጥር አለው። ሰውየው ሠላሳ ዓመት በዩኒቨርሲቲ የድንጋይ ላቦራቶሪ ውስጥ በቴክኒሻንነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ፈረንጅ በወርቅ ሚዛን ይገዛል የሚል ወሬ በረሃውን ካዳረሰ ወዲህ፣ ከአፋርና ከኦጋዴን ጥቁር ድንጋይ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸከመ ሁሉ ደረጃቸውን ይወጣል። እሳቸውም በነጻ ያዩለታል። በክር የታሰረ ማግኔት፣ አጉሊ መነጽር፣ ድንጋዩን ፍቀው ቀለሙን የሚያዩበት የተገለበጠ ስኒ፤ ዕቃቸው ይኸው ነው።

መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ ነበር። ብሩክታይት ወደ ኋላ ገለጠችው። አይደለም። አይደለም። አይደለም። በአሥር ዓመት ውስጥ "ነው" የተባለላቸው ሁለት ብቻ ናቸው። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ "313። የሲን፣ ከአይሻ በረሃ። አይደለም። ግን ይረጋገጥ፤ ሰውየው ከሩቅ መጥቷል።"

መደርደሪያው ላይ የ313 ቦታ ባዶ ነው።

ከሰዓት በኋላ ራኬብን ከመንገዱ ማዶ ባለው ኬክ ቤት አስቀምጣ አነጋገረቻት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ መምህር ናት። ፊቷ የቀረበውን ሻይ አልነካችውም።

"ሰኞ ዕለት ሰውየው መጥቶ ጮኸበት" አለች። "የሲን የሚባለው። ድንጋዬን ስጠኝ እያለ። አባዬ ደግሞ እስከ ሐሙስ ታገሠኝ አለው።"

"ለምን እስከ ሐሙስ?"

"ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ አስመርምሬ በወረቀት እሰጥሃለሁ አለ። ሰዉ ግን ይሄን አይቀበልም ኢንስፔክተር። ዋጋ የሌለውን ድንጋይ ማን ሳምንት ያቆየዋል? ገና አልተቀበረም፣ ቤት የመጡት ለቀስተኞች የሚያንሾካሹኩት ይህንኑ ነው። የድሃ ድንጋይ ደብቆ ሞተ ነው የሚሉት። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጭምር።" ወደ ብሩክታይት ቀና አለች። "ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚቀበረው። አባቴ ሌባ ነበር ወይስ አልነበረም? ይህን ሳላውቅ አፈር ላለብሰው ነው?"

ብሩክታይት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በምርመራ ሠርታለች። ማን ገደለው የሚል ብዙ ሰው አጋጥሟታል፤ ሟቹ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብሎ የጠየቃት ግን ጥቂት ነው። የማገኘውን እነግርሻለሁ አለቻት።

አቶ ተስፋሁን ባንኮኒያቸውን ተደግፈው ቃላቸውን ሰጡ። ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሱቃቸውን ዘግተው ጊዮርጊስ ለጸሎት ሄደዋል፤ ከዚያ ቤታቸው። ያዩት ነገር የለም።

"ስለ ድንጋዩ የሚያውቁት አለ?"

"እኔ የማውቀው ወርቅ ነው።" ሚዛናቸውን ወደ ጎን አደረጉ። "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ዕዝራ ያን ድንጋይ ሲያጣጥለው ሰምቻለሁ። እዚህ ሰፈር ደግሞ ዕቃ የሚያጣጥል ሰው ሊገዛ የፈለገ ሰው ነው። ያ የበረሃ ሰውም ይህ ገብቶት ይሆናል። ንዴት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል።"

የሲንን ያገኙት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለ ርካሽ አልጋ ቤት ነው። አልሸሸም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ እየሰማ ነበር። ከረጢቱን ገለበጡት፤ ሽርጥ፣ የውኃ ጀሪካን፣ የጥርስ መፋቂያ። ድንጋይ የለም።

"ጮኼበታለሁ" አለ ጣቢያ ሲቀርብ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀሐይ ያከሰለው ሰው ነው፤ እንደ አገሩ ልማድ ለሁሉም አንቺና አንተ ይላል። "አንቺ ብትሆኚ አትጮኺም? ስድስት ቀን በእግሬ ፈልጌ ያገኘሁት ነው። አሮጌው የባቡር ሐዲድ አጠገብ፣ አሸዋ ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ። ጥቁር፣ ከባድ፣ ማግኔት የሚይዝ። ሽማግሌው አይደለም አለኝ። ካልሆነ መልስልኝ ስለው ደግሞ ሐሙስ ና ይለኛል።"

"ትናንት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?"

ሊዋሽ ይችል ነበር። "እዚያው ነበርኩ" አለ። "ድንጋዬ እዚያ ስለሆነ ሄጄ መስኮቱን አየሁ። ላይ መብራት አለ። ታች ወርቅ ቤቱም የላሜራው በር ተዘግቶ ከሥሩ መብራት ይታያል። አልገባሁም፤ ተመለስኩ።"

ኃይለማርያም ጽፎ ሲጨርስ ወደ አለቃው ዘወር አለ። "አቶ ተስፋሁን አሥራ አንድ ሰዓት ዘግቻለሁ ብለዋል። ይሄ ደግሞ መብራት አየሁ ይላል።"

"እንግዲህ አንዱ ዋሽቷል" አለች ብሩክታይት። የትኛው እንደዋሸ ለመወሰን ብዙ አልደከመችም። አንደኛው ጊዮርጊስ የሚያስቀድሱ የሰፈር ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላኛው ቋሚ አድራሻ የሌለው የበረሃ ሰው ነው። የሲን ማረፊያ ቤት ገባ። ይህን ውሳኔዋን በኋላ ባስታወሰችው ቁጥር ታፍርበታለች።

ሌሊቱን ግን አንድ ነገር ጎረበጣት። ድንጋዩን የወሰደ ሰው ስለ ምን አልጋ ቤት ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ይሰማል? ጅቡቲ አንድ አዳር ነው።

በሟቹ ስልክ ላይ የተመዘገበው የመጨረሻ ጥሪ ማክሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ነበር፤ ዶክተር ያቤፅ ከሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር የመጣ። ሐሙስ ጠዋት ስድስት ኪሎ ሄደች።

ያቤፅ ወጣት ነው፤ ለቅሶ ሊደርስ ጥቁር ለብሶ አገኘችው። መዶሻ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው አለ። ማክሰኞ ምሽት ከአሥራ ሁለት ጀምሮ የት እንደነበር ስትጠይቀው ቅር አላለውም፤ አርባ የክረምት ተማሪዎች ፊት ሲያስተምር ነበር፤ ተማሪዎቹ የተገኙበትን ፊርማ አሳያት።

"አሥራ አንድ ተኩል አልፎ የደወልከው ምን ልትላቸው ነው?"

"ውጤቱን ልነግራቸው ነዋ። ቅዳሜ ከድንጋዩ ላይ ትንሽ ቁራጭ አምጥተውልኝ ነበር።" ከመሳቢያው ጥፍር የምታህል ጥቁር ስባሪ አወጣ። "ከሰማይ የወረደ ብረት ኒኬል የተባለ ማዕድን አይጠፋውም። ይሄ ምንም የለውም። ደግሞ እዩት፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ተበሳስቷል። የሰማይ ድንጋይ እንዲህ አይበሳሳም። ይሄ የድሮው ባቡር በከሰል ሲሄድ ከምድጃው ጠርገው የሚደፉት ዝቃጭ ነው። ብረት ስላለበት ማግኔት ይይዘዋል፤ ብዙ ሰው ያታልላል።"

"ዋጋውስ?"

"ዋጋ የለውም። አቶ ዕዝራ ገና በእጃቸው ሲመዝኑት አውቀውታል። ያ ሰው ያን ያህል መንገድ መጥቶ በባዶ ቃል አይመለስብኝ፣ ወረቀት ይዞ ይሂድ ብለው ነው ያስመረመሩት።"

ብሩክታይት ትንፋሿን ለቀቀች። እንግዲያው አቶ ዕዝራ አልዋሹም። ግን ይህ ለራኬብ እንጂ ለየሲን አይበቃም። እውነቱን ያላመነ ሰው ነው የገደላቸው፤ የሲንም ካላመኑት አንዱ ነው።

"ከፈለጉ ሌላም ምልክት አለ" አለ ያቤፅ፤ ስባሪው ላይ አሲድ ጠብ አደረገበት። ትንሽ ጢስ ተነሣ። ብሩክታይት ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ነበር።

"ይሄ ሽታ ከሌላ ነገር ሊመጣ ይችላል?"

"ከተሰበረ ቱቦ ሊመጣ ይችላል። የቱቦው ግን እስኪጠገን አይለቅም። ይሄኛው በር ሲከፈት ይጠፋል።"

በረንዳ ወጥታ ሳጅኑ ጋ ደወለች። "ኃይሌ፣ የአቶ ዕዝራ ደረጃ አሁን ይሸታል?"

"ዛሬ የለም። ትናንት ከሰዓትም አልነበረም።"

"ቱቦውን ማን ጠገነው?"

"ማንም። ቁፋሮው እኮ እዚያ መንገድ ገና አልደረሰም ኢንስፔክተር።"

ብሩክታይት ያደገችው ፒያሳ ነው። በልጅነቷ ከወርቅ ቤቶቹ ደጃፍ ትጫወት ነበርና፣ የሠሪዎቹን አመል ታውቃለች። ወርቅ ሠሪ ማንኛውንም ብረት ሲጠራጠር አሲድ ጠብ ያደርግበታል። ሌላም አመል አለው፤ ጥራጊ አይጥልም። በሞረዱና በመጋዙ ሥር የወደቀው አቧራ ሁሉ ወርቅ ሊኖርበት ይችላልና በጣሳ ተጠራቅሞ በዓመት አንዴ ይቀለጣል። ሚስቱን ቢቀብር እንኳ የዚያን ቀን ጥራጊ የሚደፋ ወርቅ ሠሪ እስካሁን አላየችም።

አምስት ሰዓት ላይ፣ የመፈተሻ ፈቃዷን ይዛ፣ ሳጅኑን አስከትላ ሱቁ ገባች። አቶ ተስፋሁን ለቀብሩ ነጭ ነጠላ ለብሰው ተዘጋጅተዋል።

"ጥራጊዎን ያውጡልኝ" አለቻቸው።

"ምን ሊያደርግልሽ ልጄ? ቆሻሻ ነው።"

"ቆሻሻ ከሆነ ስለ ምን ይቆለፍበታል?"

ጣሳው ከሥራ መቀመጫቸው ሥር፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ነበር። ነጭ ወረቀት ዘርግታ ቀስ ብላ ገለበጠችው። ሥር የነበረው ከላይ መጣ፤ ከታች ወረቀቱ ላይ የተኛው ግን የመጨረሻው ጥራጊ ነበረና አቧራውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየችው። የሚያብለጨልጭ ጥቁር ዱቄት፣ እንደ ተፈጨ ጠርሙስ። ከኪሷ የአቶ ዕዝራን ማግኔት አውጥታ አሳለፈችበት፤ ጥቁር ፍርፋሪ ተንጠልጥሎ ወጣ።

"አቶ ተስፋሁን፣ ጥቁር ወርቅ መሥራት ጀመሩ?" አለ ኃይለማርያም። ግን እሱም አልሳቀም።

ሽማግሌው ቁልፋቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ካዝናውን ከፈቱ። ድንጋዩ በጥጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ አምስት ቦታ ተቆርጧል።

"ውስጡን ፈልጌ ነው" አሉ። "መጋዜን ጨረሰው።"

"ምንም አላገኙም።"

"ገና ነው። መሃሉ አልተነካም።"

"ዝቃጭ ነው አቶ ተስፋሁን። የባቡር ከሰል ዝቃጭ ነው። ስድስት ኪሎ ተመርምሮ የተረጋገጠ ነው።"

ሰውየው ቀና ብለው አዩዋት፤ አስተያየታቸው የሚያዝን ሰው አስተያየት ነበር፤ ለእሷ። "መርማሪው የማን ተማሪ ነው?" አሉ። "የዕዝራ አይደለም?"

ብሩክታይት ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ ሰው በጩኸት አይከፈትም፤ ዝም ሲሉት ራሱ ይናገራል።

"አርባ ዓመት ወርቅ ገዝቻለሁ" አሉ አቶ ተስፋሁን። "ሴቲቱ የእናቷን ሐብል ይዛ ትመጣለች። ይሄማ ነሐስ ነው እላታለሁ። እኔ ነሐስ ነው ያልኩት ሁሉ ወርቅ ነበር። ሥራችን ይኸው ነው። ዕዝራ ሰኞም አይደለም አለ፣ ማክሰኞም አይደለም አለ፤ ድንጋዩን ግን አልመለሰም። ምን ልበል? እኔ ሱቄ ላዬ ላይ ሊፈርስ ነው። በስድሳ ስምንት ዓመቴ የት ሄጄ ነው የምጀምረው?"

"ማክሰኞ ምሽት ወጡ።"

"እንካፈል ልለው ነው የወጣሁት። ሳቀ። አሁን ተደወለልኝ፣ የባቡር ከሰል ነው ተስፋሁን፣ ከፈለግህ ውሰደው ምድጃህ ውስጥ ጨምረው አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤቱ ሆኜ እንደ ገበሬ ሊያታልለኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው የገፋሁት።" እጃቸውን አዩት። "ስጦታ ነው፣ ውሰደው ብሎኝ ነበር እኮ። ብወስደው በቃ ነበር።"

"ግን በምን እርግጠኛ ሆኑ? እሳቸው አይደለም ሲሉ፣ ሁሌም አይደለም ሲሉ ኖረው?"

"ልጁ ነገረችኝ።"

የኃይለማርያም እስክሪብቶ ቆመ።

"ማክሰኞ ጠዋት ስታልፍ ሰላም አለችኝ" አሉ አቶ ተስፋሁን። "እየሳቀች ነው። ጋሽ ተስፋሁን፣ አባዬ ሀብታም ሊሆን ነው መሰለኝ፣ እኔንም ደብቆኛል አለችኝ። እስከዚያ ድረስ እኔም እጠራጠር ነበር። የገዛ ልጁ ካላመነችው እኔ ማን ነኝ?"

"ይሄንንም ልጻፈው?" አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ።

"ጻፈው" አለች ብሩክታይት። ከቃላቸው ገጽ ሦስት ግርጌ ላይ አረፈ፤ ሽማግሌውም ፈረሙበት።

የሲን ስምንት ሰዓት ላይ ተፈታ። ስለ ድንጋዩ ስትነግረው መሬት መሬት እያየ አዳመጠ። "ሽማግሌው እውነቱን ነበር?" አለ። አዎ አለችው። ይቅርታ ልትጠይቀውም ፈልጋ ነበር፤ እሱ ግን ቀድሟት መቃብሩ የት እንደሆነ ጠየቃት። በዝናቡ በእግሩ ሄደ፤ ከለቀስተኛው ራቅ ብሎ፣ ሽርጡን ራሱ ላይ ጥሎ እስከ መጨረሻው ቆመ። የሚያውቁት ሰዎች እየተጠቋቆሙ ይገላምጡት ነበር። ወሬው ገና አልደረሳቸውም።

መዝሙሩ አልቆ፣ ሰዉ ጃንጥላውን እየዘረጋ ወደ መኪኖቹ ሲበተን ብሩክታይት ራኬብን አጥር ጥግ አገኘቻት። ያቤፅ የሰጣትን የምርመራ ወረቀት አስጨበጠቻትና ሁሉንም በአጭሩ ነገረቻት። ድንጋዩ ምን እንደነበረ፣ አባቷ ከመጀመሪያው አውቀው እንደተናገሩ፣ ያቆዩትም ለእንግዳው አዝነው እንደሆነ፣ ማን እንደገፋቸውም።

ራኬብ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አፏን በመዳፏ ይዛ አለቀሰች፤ ብሩክታይትም አብራት ቆመች። ዝናቡ በሁለቱም ላይ ወረደ።

"ሰኞ ማታ እራት አብረን በላን" አለች ልጅቷ ሲወጣላት። "ለእኔ እንኳ እውነቱን ንገረኝ አልኩት። ነገርኩሽ እኮ አለኝ። አላመንኩትም ኢንስፔክተር። በሕይወቴ ዋሽቶኝ የማያውቅ ሰው፣ አላመንኩትም።"

"ብዙ ሰው አላመናቸውም።"

"ጋሽ ተስፋሁን ግን..." ራኬብ ዓይኗን ጠረገች። ማክሰኞ ጠዋት በእግረ መንገድ የጣለችውን ቀልድ አታስታውሰውም፤ ፊቷ ላይ በግልጽ ይነበባል። "ያን ያህል ዓመት አባዬን ያውቀዋል። አባዬ አይደለም እያለው፣ 'ነው' ብሎ እንዲያምን ምን አደረገው? የነገረው ሰው አለ?"

ብሩክታይት ስለ ገጽ ሦስት አሰበች። አንድ ቀን ጠበቃ ያነበዋል፤ ያን ቀን ይህች ልጅ ችሎት ተቀምጣ ትሰማዋለች። ግን ያ ቀን ዛሬ አይደለም፤ ዛሬ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። አንድ ሰው ቀላሏን ውሸት አልናገርም ብሎ የሞተበት ጉዳይ እንደሆነም አልረሳችም። ይህን ሁሉ አሰበች።

"ማንም አልነገረውም" አለች። "የራሱ ስስት ነው።"

ራኬብ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች፤ ወዲያው አመነቻት።